የጋሽ ዓለምሰገድ ድምፅ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

በአማርኛ የምጽፈው እህቴ ኪዲ ማንበብ ስለማትችል ነው። ለንደን ተወልዳ "ሀ"ን ስታይ ኩባያ ነው የምትል ልጅ። እዚህ የፈለግኩትን ብል ማን ያውቅብኛል?

ዛሬም እንደ ወትሮው። ከዊልስደን አውቶቡስ፣ ኬንቲሽ ታውን፣ ሱቁ ሳይከፈት ሶስቱንም ፎቅ መወልወል። ዕቃ ቤት ተደብቄ "እህም! በአስቸኳይ!" ስል እትዬ የሻረግ መወልወያቸውን ይዘው ሮጡ። እኔ መሆኔን ሲያዩ በእርጥብ ጨርቅ አጮሉኝ።

"አንተ ቀልማዳ! ልቤን ልታቆማት ነው?"

ድምፁ የሱፐርቫይዘራችን የጋሽ ዓለምሰገድ ነው። በደርግ ጊዜ ነው ከአገር የወጡት፣ አማርኛቸውም ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ሳያስሉ አይናገሩም። እሳቸውን መምሰል ለኔ ውሃ መጠጣት ነው። ኮሌጅም አንዱን አስተማሪ ስመስል ነው የተባረርኩት... ተወው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

አድማ! ዩኒየኑ፣ የሰራተኛ ማህበራችን፣ ሐሙስ ሐሙስ አድማ ነው ብሎ ለኮንትራክተሩ በደብዳቤ አሳውቋል። ነገሩ ቀላል ነው። የሱቁ የራሱ ሰራተኛ ቢታመም ይከፈለዋል፣ ደሞዙም ከኛ ይሻላል። እኛ የሱቁን ጽዳት በኮንትራት የያዘው የኮንትራክተሩ ነን። ሱቁን ስንጠይቅ "የኔ ሰራተኞች አይደላችሁም"። ኮንትራክተሩን ስንጠይቅ "ሱቁ ካልጨመረልኝ ከየት ላምጣ?" የምንወለውለው ወለል ግን የማነው?

እትዬ የሻረግ ባለፈው ሐሙስ አልወጡም ነበር። ልጃቸውን ማህሌትን ከአዲስ አበባ ለማምጣት አፕላይ አድርገዋል። የኢሚግሬሽኑ መስሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ የስራ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ስራቸውን ካጡ ማህሌት እዚያው ቀረች ማለት ነው። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስነዘንዛቸው ሰነበትኩ። "እትዬ፣ ማህሌት መጥታ 'እማዬ፣ ያኔ የት ነበርሽ?' ስትልዎት 'ሽንት ቤት ተደብቄ' ሊሏት ነው?"

ወጡ! በካፖርታቸው ላይ የዩኒየኑን ቀይ ሰደርያ ደርበው በሩ ጋ ቆሙ። የዩኒየኗ ሶፊያ፣ እሷም ሐበሻ ናት፣ ሜጋፎኑን ሰጠችኝ። "እህም! ይህ ሱቅ በአስቸኳይ ይክፈል!" ሐበሻው በሳቅ ፈረሰ። ፈረንጁም ሳይገባው ሳቀ። ጋሽ ዓለምሰገድ ከመስታወቱ በር ወዲያ ቆመው ያዩኝ ነበር። እሳቸው አልሳቁም።

ቤት ገብቼም አላስቻለኝም። የሐበሻ ሰራተኞች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ በድምፅ ለቀቅኩት። "እህም... ዓለምሰገድ ነኝ። ነገ ሱቁ በአስቸኳይ ይዘጋል። ማንም እንዳይመጣ።" ሳሚር "በሳቅ ገደልከኝ" ብሎ ጻፈ። ሌላውም እንደዚያው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

እትዬ የሻረግ አልመጡም። የሳቸውን ፎቅ ከሳሚር ጋር ተጋገዝን። "በአንድ ቀን አድማ አልጋ ያዙ" አልኩ። ሳቅን።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ደወልኩላቸው።

"አሞዎት ነው እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ። ጋሽ ዓለምሰገድ አትምጡ አሉ አይደል? በስልኩ በጆሮዬ ሰማኋቸው እኮ።"

...

እትዬ የሻረግ ጽሑፍ አያነቡም። ግሩፑ ላይ ድምፅ ሲመጣ ብቻ ተጭነው ይሰማሉ። የኛን ሳቅ አላዩትም። ከላይ የተጻፈውን የኔን ስምም አላነበቡም። እንደማያነቡ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ! ደብዳቤያቸውን ሁሉ የማነብላቸው እኔ አይደለሁ?

"ከኮንትራክተሩ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ስልኬ ላይ ገብቷል። ሰኞ መጥተህ ታነብልኛለህ፣ የኔ ጌታ።"

እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ግሩፑ ላይ የለቀቅኩትን ድምፅ አጠፋሁት። ከሁሉም ሰው ስልክ። እጄ ከጭንቅላቴ ቀደመ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ቤታቸው ሄድኩ። የኮንትራክተሩ መልእክት አድማ ባልተጠራበት ቀን ያለፈቃድ ቀርተዋል ይላል። አድማውን በራስዎ ቀጥለዋል፣ ከስራ ታግደዋል፣ ዓርብ ስብሰባ ይቅረቡ፣ ሊሰናበቱ ይችላሉ። ሐሙስ ቢሆን ኖሮ ህጉ ይከላከልላቸው ነበር። በዓርብ ግን...

"ምን ይላል?"

"ዓርብ ሊያናግሩዎት ይፈልጋሉ ይላል።"

ሌላውን ዘለልኩት።

"ጥሩ። የጋሽ ዓለምሰገድን ድምፅ አሰማቸዋለሁ።" ስልካቸውን ከእጄ ተቀበሉ። ፈለጉ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። "እዚህ ነበር እኮ... ኖላዊ፣ የት ሄደ? ላብድ ነው እንዴ?"

"እኔ እንጃ፣ እትዬ" አልኩ። እኔ እንጃ!

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ጋሽ ዓለምሰገድ በማርያም እየማሉ ነው። አትምጡ አላልኩም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ውሸታም የተባሉት እትዬ የሻረግ ሆኑ።

ሳሚር አያናግረኝም። "እኔ አልናገርብህም። ግን አጠገቤ አትወልውል" አለኝ።

ለሶፊያ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። "ሊስን፣ ኖላዊ። ከተናገርክ አንተን ያባርሩሃል። ካልተናገርክ እሳቸውን። እኔ አልመርጥልህም፣ ኦኬ?" ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ሱቁ ላይኛው ፎቅ ያለች ጠባብ ክፍል። ከኮንትራክተሩ ቢሮ የመጣች ሴት፣ ጋሽ ዓለምሰገድ፣ ሶፊያ። እትዬ የሻረግ የቤተክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰዋል። ለስብሰባ እኮ!

ገብቼ እኔ ነኝ አልኩ። ሴትዮዋ፣ መልእክቱ የታለ?

አጠፋሁት።

ታዲያ በምን እናምንሃለን?

በድምፄ።

እስቲ፣ አለች።

"እህም... ዓለምሰገድ ነኝ። ነገ ሱቁ በአስቸኳይ ይዘጋል። ማንም እንዳይመጣ።"

እየጻፈች ስለነበር አስደገመችኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ እሳቸውን መሰለ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ዓለምሰገድ ጠረጴዛውን እያዩ፣ ሳያስሉ፣ በቀስታ "ሚስቴም ብትሰማው እኔ ነኝ ብላ ታምናለች። የሻረግን ተዉአት" አሉ። ሶፊያ ተረጎመች።

እትዬ የሻረግ ወደኔ ዞሩ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰኞ ስታነብልኝ... ስልኬን ይዤ ስፈልግ... ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ እትዬ።"



ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

እሳቸው ተመለሱ። እኔ ተባረርኩ። ኪዲ "ዋት ዲድ ዩ ዱ ዚስ ታይም?" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ስራ ባይኖረኝም ሰልፉ ላይ ሄድኩ። ይቀራሉ ብዬ ነበር፣ እትዬ የሻረግ ግን ወጥተዋል። ሰላም አልኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉኝ፣ ወደ መንገዱ እያዩ። አንድ ልጅ ሜጋፎኑን ይዞ መጥቶ "ኖላዊ፣ በል እንጂ ሽማግሌውን!" አለኝ። ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ መለስኩለት።

እረፍት ላይ እትዬ የሻረግ ከቦርሳቸው ፖስታ አወጡ። የሆም ኦፊስ። ሶስት እርምጃ ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት፣ እጄ ሳላውቀው ተዘርግቶ ነበር። ለሳሚር ሰጡት።

ሳሚር ቀስ ብሎ አነበበላቸው። የማህሌት ጉዳይ እየታየ ነው፣ አንድ የስራ ማረጋገጫ ይጨመርበት ይላል። እትዬ የሻረግ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አመሰገኑት። ከዚያ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው ሶፊያ ጋ ሄዱ።

"እስቲ አንቺም አንብቢልኝ፣ ልጄ። እንደሱ ነው የሚለው?"