ያልጠፋችው ሊትር

ውድ ረኡፍ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ስድብ ስለበዛባቸው ቀደድኳቸው። ይኼኛውም ንጹሕ አይደለም፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ያችን አሮጌ ፊያት ስትሸጥልኝ «መቶ ኪሎ ሜትር በስድስት ሊትር» ብለህ በእናትህ ማልክልኝ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነህና አመንኩህ። ጎማዎቹ አልቀው ስለነበር በማግስቱ አስቀየርኳቸው፤ ጎማ ሻጩ የፋብሪካውን ልክ ገጠመልኝ፣ ከአሮጌዎቹ አንዱን በትርፍነት ያዝኩ። ከዚያ ለካሁ። ሰባት ሊትር። ካርቡራተር አስጸዳሁ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ሰባት። ደውዬ ስነግርህ ሳቅህብኝ።

«ናጂ፣ እግርህ ከባድ ነው። ከነዳጅ መስጫው ላይ እንቁላል አለ ብለህ ርገጥ።»

ሃምሳ አራት ዓመት የሞላኝ መሐንዲስ፣ በእስክንድርያ የባሕር ዳር መንገድ እንቁላል እያሰብኩ ስነዳ የአህያ ጋሪ ቀደመኝ። አሁንም ሰባት።

እግሬ ካልሆነ የሰው እጅ ነው አልኩ። የሕንፃችንን ዘበኛ ጋሽ በኺትን ታውቀዋለህ፤ በየማለዳው መኪኖቻችንን የሚያጥበውን፣ ከደቡብ ግብፅ ከሶሃግ የመጣውን ሰው። ከደረጃው ሥር ቱቦ አገኘሁበት። ነዋሪው ሁሉ በተሰበሰበበት አውጥቼ፣ ቤንዚኔን የምትመጥበት ይኼ አይደለም ወይ አልኩት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ኢንጂነር፣ ጃስሚኑን የማጠጣበት ነው። ካላመኑ ያሽትቱት።»

አላሸተትኩም። በሳምንቱ ዕቃውን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። እኔም የነዳጅ መክደኛውን ቁልፍ ባለው አስቀየርኩ። ሰባት።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ጎማ ተነፈሰና መካኒኩ ኡስታ ጂርጊስ ያንን አሮጌ ትርፍ ጎማ አወጣ። ከተገጠመው ጎን አቁሞ አየው፣ እኔንም አየኝ።

«ኢንጂነር፣ መኪናዋ ጠጪ አይደለችም። የድሮ እግሯ ነው ውሸታም።»

ያንተ ጎማ ከፋብሪካው ልክ ያነሰ ነበር። ትንሽ ጎማ ብዙ ይዞራል፤ ቆጣሪው ሰማንያ ሰባቱን ኪሎ ሜትር መቶ ይለዋል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንተም እንደኔው ሰባት ነበር የምታቃጥለው። የጠፋች ሊትር የለችም፣ ኖራም አታውቅም።

የሌላ መኪና ጎማ በርካሽ አግኝተህ ገጥመህ፣ ስንት ዓመት በቁጠባህ ስትኮፈስብን ኖርክ። አንድ ቀን እንኳ ቆጣሪውን ከመንገዱ የኪሎ ሜትር ምልክት ጋር አላስተያየኸውም። ለዚህ እስከ ረመዳን ይቅር አልልህም።

ቱቦውን ያላሸተትኩት ግን እኔ ነኝ። ሁሉን ካልለካሁ የማላምን ሰው፣ ያንን ቱቦ አፍንጫዬ ድረስ ማንሳት ከበደኝ።

ዓርብ ማለዳ ካይሮ ላይ አነሳሃለሁ፤ ሶሃግ እንሄዳለን። ትርፍ ጎማውን ይዣለሁ፣ ለጋሽ በኺት አሳየዋለሁ። የምትነዳው አንተ ነህ፣ የእኔ እግር ከባድ ነው ብለሃልና። ስንት ሊትር እንደፈጀን አልጠይቅህም።

በሩ ላይ ስንደርስ ግን አንተ መኪናው ውስጥ ቆይ። ቀድሜ የምወርደው እኔ ነኝ።

እግረ ከባዱ
ናጂ