የተሰረቀው የአያ ታከለ ሳቅ

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ጠዋት 3 ሰዓት
መብራት አለ፣ ኔትወርክ የለም። መጣ። ድረ ገጼን ከፈትኩ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ተዘርፈናል። አያ ታከለ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ፣ አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ አንስቼ ገጼ ላይ ያወጣሁት ፎቶ አንድ መድኃኒት ሻጭ ገጽ ላይ ወጥቷል። ከሥሩ፦ «ከኪንታሮት ተገላገልኩ»።
ፎቶውን ከገጽህ አውርድ ብዬ ጻፍኩለት። ስንት ብልቃጥ ልላክልህ አለኝ።

ዓርብ 6። ቀትር
ወሬው ቀድሞኝ ዓርብ ገበያ ገብቷል። አያ ታከለ አህያቸውን ሳያራግፉ አንዱ ጨው ሻጭ ጠጋ ብሎ፣ «አያ፣ ይቀመጣሉ ወይስ መቆሙ ይሻልዎታል?»
ገበያው ሳቀ። እሳቸው ገብሳቸውን እንደጫኑ ተመለሱ። እሑድ የድንበር ጠብ ሊያስታርቁ ነበር። እንግዲህ የሽማግሌ ሥራው መቀመጥ አይደል!

ቅዳሜ 7
ጦርነት። ፎቶው እንዳይገለበጥ በገጼ ላይ ቀኝ ክሊክ ከለከልኩ። ሌባው ስክሪንሹት አነሳ። ስሜን ጥግ ላይ ጻፍኩ። ጥጉን ቆረጠው።
የቀረኝ የአባቶች ቁልፍ ነው። የብራና መጽሐፍ ሁሉ ፊቱ ላይ ያለችው፦ ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን። የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን። በቀይ፣ በፎቶው መሐል ለመሐል ደረትኳት። ይድፈር እስቲ።

ሰኞ 9
ጾም ገባ። ሥጋ ተውኩ፣ ስድብ አልተውኩም።
እሑድ አያ ታከለ ለእርቁ አልወጡም። ባላንጣዎቹ ዱላቸውን እንደያዙ ተበተኑ።
ሻጩስ? ውግዘቷን ከነቀለሟ ለጥፏታል። ከላይ፦ «በግዕዝ የተመሰከረለት»። እንዲህ ያለውን መሃይም እርግማን በምን ቋንቋ ይድረሰው?

ማክሰኞ 10። ከሰዓት
ከድጓ ትምህርት ቤቱ ከቤተ ልሔም መሪጌታ መጡ። ይህን ፎቶ እዩልኝ፣ የባሰ ውግዘት ስጡኝ አልኳቸው። አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ፊቱ የማን ነው አሉኝ። የአያ ታከለ። ስታነሳቸው ጠይቀሃል? ድረ ገጽ ላይ ላውጣው ብለሃል?
ዝም።
እንግዲያ ዘሰረቆ ከላይ፣ ከአንሺው ይጀምራል፣ ልጄ፣ ብለው መቋሚያቸውን አነሱ። በገዛ ቀይ ቀለሜ ተወገዝኩ። ተናደድኩ። በእሳቸው ልናደድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ረቡዕ 11። ጠዋት
ፎቶውን ከገጼ አወረድኩ። ይቅርታ የሚጠይቅልኝ ሽማግሌ ለባለ ሳቁ ልልክ አስቤ፣ እዚህ አገር ደህና አስታራቂ ማነው ብዬ ጠየቅሁ። ሦስት ሰው አንድ ስም ጠራልኝ፤ አያ ታከለ።
ራሴ እሄዳለሁ። ካሜራ አልይዝም። ዓርብ ደግሞ ጨው ተራ መሐል ቆሜ ፎቶው የእኔ፣ ውሸቱ የሻጩ፣ ጤናው የእሳቸው ብዬ እናገራለሁ። ዛሬ ቤታቸው ተቀመጥ ካሉኝ እቀመጣለሁ። ካላሉኝ፣ መቆሙ ይሻለኛል።