ሐሙስ የሚከፈተው ፖስታ

ተሾምዬ፣

በሞት ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የመጽሔት አንባቢዎቼ አብረውህ ቢሰሙኝ ግድ የለም፤ እነሱ ፊት ያላፈርኩት ነገር ስለሌለ ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝንም እዚሁ ልንገርህ። የጡት ራጅ ልነሳ ሄጄ ፓውደር ተነስንሼ ተገኘሁ! ታውቀኛለህ፣ በዚህ በጅቡቲ ሙቀት ያለ ፓውደር ከቤት አልወጣም። ሰው ፊት ልብስ ላወልቅ ነው ብዬ የዚያን ዕለት እጥፍ አደረግኩት፣ ብብቴ ሳይቀር።

ማሽኑ ጡትን በሁለት ሰሌዳ መሃል ይዞ ይጫናል፣ ተመርማሪዋ ትንፋሿን ትይዛለች። የምታነሳኝ የአገሩ ሴትዮ ናት፣ አማርኛዋን ከኛ አገር ሾፌሮች የለቀመች። ምስሉን አየችና ደግማ አየችው። ነጫጭ ነጠብጣብ ሞልቶታል። እኔ እዚያው ቆሜ ኑዛዜዬን ስጀምር እሷ ጠጋ ብላ አሸተተችኝ። «ማዳም፣ ሠርግ ነው የመጣሽው? ፓውደር እኮ ራጅ ላይ ይወጣል። ሂጂ ታጠቢ!» ታጥቤ ተመለስኩ። ነጠብጣቡ ሁሉ ጠፋ፤ ምስር የምታህል አንድ ነጭ ነገር ግን ቀረች። ሳቃችንም እዚያው ቀረ።

ራጁ አንድ ነገር መኖሩን እንጂ ምንነቱን አይናገርም አለኝ ሐኪሙ። ከዚያ በአልትራሳውንድ አየው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ቢሆን ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር፣ ብዙ ጊዜም አያሰጋም። የኔው ጠጣር ነው። ጠጣር ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ በምስል ብቻ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ስለዚህ በመርፌ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ ሐሙስ ጠዋት ነው። ዛሬ ማክሰኞ።

ቤታችን እዚያው ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ ባቡር ተመርቋል፤ ሾፌር ጓደኞችህ እንጀራችንን ሊቀማን ነው እያሉ ሻይ ቤት ይሟገታሉ። ልጃችን ሜሮን ከአዲስ አበባ ትምህርቷን ጨርሳ መጥታ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር አንድ ትራንዚት ቢሮ ትሠራለች። እሷ ናት ታዲያ ዓይኔን ሳታይ «እማ፣ አንቺ አትልፊ፤ የውጤቱን ፖስታ እኔ አመጣልሻለሁ» ያለችኝ።

ድምፁን አወቅኩት። የኔው ድምፅ ነው።

ያንተን የደረት ምርመራ ውጤት የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ሳንባህ ውስጥ ያለው ካንሰር መሆኑን ሲነግረኝ፣ አንተ አግዳሚው ላይ ከአንድ የጋላፊ መንገድ ሾፌር ባልደረባህ ጋር ትሳሳቅ ነበር። ለታማሚ አይነገርም እየተባልን አይደል ያደግነው? ወንድምህም በስልክ «ካወቀ ይሰበራል፣ ምላስሽን ያዢ» አለኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ መጣሁና «ብሮንካይት ነው፤ ብርድ መትቶህ ነው» አልኩህ። ጅቡቲ ላይ ብርድ! ሳቅክ። አመንከኝ ወይም ያመንክ መሰልክ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የራጅ ፊልምህን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደበቅኩት። «ሲሻለኝ ደሴ ሄጄ እናቴን አያለሁ» ስትል «አዎ፣ ሲሻልህ» አልኩህ። ሁለት ጊዜ ጭነት ይዘህ ወጣህ፤ ሁለት ጊዜ እያሳለህ ተመለስክ። ሦስተኛ ጉዞ አልነበረም። እናትህ ዛሬም ስደውልላቸው «ምነው ልጄ ሳያየኝ?» ይሉኛል፣ እኔም ወሬ እለውጣለሁ። ያደረግኩት ከፍቅር ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን የቀሩህን ቀናት አንተን ሳልጠይቅ ወሰንኩልህ። ይቅር በለኝ፣ ተሾምዬ።

እሁድ ይህን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። በፈረንሳይኛ ተቆጣች፣ በአማርኛ አለቀሰች። «እና ካንሰር ቢሆንስ? ትችይዋለሽ?» አለችኝ። «አላውቅም፤ ግን የኔ ነው» አልኳት። ዕንባዋን ጠርጋ «እሺ» አለች፣ እንደ ተሸነፈ ሰው።

ትናንት ሐኪም ቤት ሄጄ ውጤቴ ከኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስመዘገብኩ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝ፤ ያገራችን ሰው ነው። «ዘመድ የለሽም እንዴ፣ እትዬ?» «ሞልቶኛል፤ እሱ ነው የቸገረኝ» አልኩት። ሐሙስ ሜሮን አጠገቤ ተቀምጣ ፈረንሳይኛውን ታነብልኛለች። ፖስታውን ግን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ ፊት። ደንግጬ እንዳልረሳ የምጠይቀውንም ጽፌ ቦርሳዬ ከትቻለሁ። ናሙናው ምን አገኘ? ያላየው ነገር ይኖራል? ቀጥሎ ምን እናደርጋለን?

ፈርቻለሁ። ጥያቄዎቼን ከቦርሳዬ እያወጣሁ ደጋግሜ አነባለሁ። አንተ ግን ይህን ፍርሃት ከሚስትህ ጋር የመፍራት ዕድል እንኳ አላገኘህም። በሕይወት እስካለሁ የማልረሳው ይህን ነው፤ አንተንማ እንዴት ብዬ!

አሁን ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ከመላኬ በፊት ደሴ እደውላለሁ። እናትህ ከመጽሔት ሊሰሙት አይገባም። ለምን ሳታያቸው እንደቀረህ፣ ማን እንዳስቀረህም እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ዛሬ የሚሉኝን፣ ሐኪሙም ሐሙስ የሚለኝን፣ ደጉንም ክፉውንም በስሙ ጠርቼ እጽፍልሃለሁ።

የደሴው ስልክ እየጠራ ነው።

ያንተው ባለቤት