በእጅህ የቀረው የአክሊሉ ሞተር

ውድ ወንድሜ አብዱልመናን፣

እንዴት ነህ? መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እማዬ ሳይሆን ስለ አክሊሉ ሞተር ሳይክል እንደሆነ አውቃለሁ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ። እማዬ ደህና ናት። ዛሬ ሥራ ገብታለች። እኔ ይህን የምጽፍልህ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት ነው።

ከተቀበርክ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። የቀብር ሶላቱ፣ ሶላተል ጀናዛው፣ እንዳለቀ አባዬ ሰው ፊት ቆሞ፣ «ልጄ ላይ ሐቅ ያለው፣ አማና ብሎ አደራ ያስቀመጠ ሰው ካለ ይንገረኝ» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። በማግስቱ አክሊሉ ለለቅሶ ከኩን ራፒድስ ከተማ መጣ። አባዬ ሳያውቅ፣ «ጋራዥ ያለው ሞተር ይሸጥና በስሙ ለድሃ ሶደቃ ይውጣለት» እያለ ለሰው ያወራል። አክሊሉ አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማል። የእኔ ነው አላለም። ያን መቼም አልረሳለትም።

«አባዬ» አልኩት፣ «ሞተሩ የጋሽ አክሊሉ ነው። አብዱ ሊሠራለት ነው የተቀበለው።»

አባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። አክሊሉ ቶሎ ብሎ፣ «ኧረ ተዉት! የቀረው የፎርክ ዘይት ብቻ ነው፤ እንዳለ እወስደዋለሁ» አለ።

«እንዳለማ አይሄድም» አለ አባዬ። «ልጄ እሠራለሁ ብሎ የተቀበለውን ሳይሠራ አላስረክብም። የሰው ሐቅ አንገቱ ላይ አይቀርም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ትችላለህ?»

እችላለሁ አልኩ። ያስቻልከኝ አንተ ነህ።

ግራ እጅህ የኩላሊት እጥበቱ፣ የዲያሊሲሱ፣ መርፌ ስለሚገባበት ከባድ ነገር እንዳያነሳ ሲከለከል፣ ሞተሮችህን ሁሉ ትተዋለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን ባልዲ ደፍተህ ተቀመጥክና ካቻቪቴውን ለእኔ ሰጠኸኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እጅህ እኔ ነበርኩ። «ቀስ! ብሎን ነው የያዝከው እንጂ ጠላትህን አይደለም» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን በጣም አናደድከኝና በእንግሊዝኛ ስጮህብህ፣ «በአማርኛ ተቆጣኝ፤ በእንግሊዝኛ ስትቆጣ አስተማሪዬ ትመስለኛለህ» ብለህ ሳቅክ። ፊደል ያስቆጠርከኝም እዚያው ባልዲ ላይ ተቀምጠህ ነው። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የቻልኩትም በዚያ ነው። በሕይወት እያለህ «አመሰግናለሁ» ብዬህ አላውቅም። እንዴት እንደሚባል አጥቼው አይደለም። ነገ እለዋለሁ ስል ነው።

የፎርኩን ዘይት ግን አብረን አልሠራነውም። የነገርከኝ በአፍ ብቻ ነው። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለቱ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ዘይት ሲያረጅ እንደ ውሃ ይቀጥናል፣ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ በግንባሩ ይደፋል ብለኸኛል። አዲሱ ደግሞ በሁለቱም በኩል እኩል መሆን አለበት። መቶ ሰማንያ፣ መቶ ሰማንያ ሚሊ ሊትር። ለዚህ ብለህ የመለኪያ መስመር ያለው ጡጦ ገዝተህ ስትመጣ እማዬ፣ «እኛ ቤት ሕፃን የለ፣ ጡጦ ምን ይሠራል? የደበቅኸኝ ነገር አለ እንዴ?» ያለችህ ትዝ ይልሃል?

በአምስተኛው ቀን ጋራዥ ወረድኩ። የሞተሩን ሆድ በክሪክ ደግፌ የፊት ጎማውን ከመሬት አነሳሁት። አሮጌውን ዘይት ከሁለቱም በኩል አፈሰስኩት፤ እንዳልከው ጠቁሮ ይሸታል። ጡጦዬን አንስቼ ልለካ ስል ጋሽ ንዋይ መጣ። ጎረቤታችን ባለታክሲው፣ ታውቀዋለህ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ። «ሐዘንተኛ ሥራ ይሠራል? ሰው ምን ይለናል! ተነሥ፣ ተነሥ፣ እኔ አለሁልህ።»

«ጋሽ ንዋይ፣ ይለካል እኮ…»

«ዘይት አንሶ ነው የሚያበላሸው፣ በዝቶ አያበላሽም። ሃያ ዓመት መኪና ይዣለሁ!» የአዲሱን ዘይት ጠርሙስ ከእጄ ወሰደና በዓይኑ እየለካ ግራውንም ቀኙንም ሞላቸው። ክዳኖቹን ራሱ አጠበቀ። እጄን በሶፍት ጠረገልኝ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ፣ «ጨርሰናል» አለው ለአባዬ። አባዬም እዚያው ለአክሊሉ ደውሎ፣ «በሚቀጥለው ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ መጥተህ ውሰድ» አለው።

መሪውን ይዤ ብጫነው ፎርኩ አልወርድ ብሎ ድንጋይ ሆኗል። ይህን ሞተር ነው አክሊሉ አውራ ጎዳና ላይ የሚነዳው። ልናገር ብዬ ሳሎን ገባሁ። ጋሽ ንዋይ ግን የታክሲ ሥራውን ትቶ አባዬን ፍትፍት እያጎረሰ ነበር። አባዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ነበርና እየበላ ነው። ተመልሼ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይህን ሰው ማሳፈር አልሆነልኝም። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም፤ አንተ ብትኖር ትነግረኝ ነበር።

ሰው አልተለየንም። ተዝያው፣ የለቅሶ መቀመጡ፣ ሦስት ቀን ነው ቢባልም ከአጎራባች ከተሞች፣ ከኒው ሆፕም ከሮቢንስዴልም እየተፈራረቁ አብረውን አደሩ። ወደ ጋራዥ በወረድኩ ቁጥር አንድ ሰው፣ «ብቻህን አትሁን» እያለ ይከተለኛል። ደግነታቸው መውጫ አሳጣኝ። ያለ እነሱ ግን እማዬ እንደማትነሣ አይቻለሁ፤ አላህ ይስጣቸው። ትናንት ማታ የመጨረሻዋ እንግዳ፣ አክስታችን ሙፈሪያት፣ ሄደች።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አክሊሉ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ጠዋት አባዬና እማዬ ሥራ ሄዱ። ቤቱ ጸጥ አለ። ካለ አንተ ብቻዬን ስሆን የመጀመሪያዬ ነው። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲያልፍ በመስኮት አየሁትና ጋራዥ ወረድኩ።

ሞተሩን በክሪክ አነሳሁት። ክዳኖቹን ስፈታ፣ ውስጡ የታመቀው ሞላ ክዳኑን እንዳይወረውርብኝ እንዳልከኝ ፊቴን ዘወር አደረግኩ። ጋሽ ንዋይ የሞላውን ሁሉ አፈሰስኩት፤ ግራው ከቀኙ በጣም ይበልጥ ነበር። ፎርኩን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አወጣሁት። አንተ ሁልጊዜ ትርፍ ስለምትገዛ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ ነበረኝ። ብደፋው ሌላ የለም። ጡጦውን ደልዳላ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ መቶ ሰማንያ። እንደገና መቶ ሰማንያ። አየሩ እስኪወጣ ቀስ ብዬ አወዛወዝኩት፣ ዘጋሁት፣ ጎማውን መሬት አስነካሁት። መሪውን ተጫንኩት። ወረደ፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት።

ለአባዬ ደወልኩለት።

«የጋሽ አክሊሉ ሞተር አለቀ» አልኩት።

«ንዋይ ጨርሰናል ብሎኝ የለ?»

«ብሎሃል። አሁን ግን አለቀ።»

ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማኛል። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ዛሬ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ቀጠለና፣ «ቆይ፣ አንተ ትምህርት ቤት የለህም?» አለኝ።

እጄን ታጥቤ በእግሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ያረፈድኩበትን ምክንያት እንድጽፍ ወረቀት ሰጠችኝ። «ወንድሜ የተቀበለውን ሥራ እየጨረስኩ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ጨረስከው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳትና ክፍል ገባሁ።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ።

ታናሽህ
ሰዳም