ለእናቱ የተፈቀደ ቁጥር

ነሐሴ 13፣ ሰቆጣ

የጌታሁን እናት እማማ ዝማም ዛሬ ከደሃና ድረስ መጡ። ልጃቸው ለሻደይ፣ ለልጃገረዶቹ በዓል፣ እንደሚመጣና እኔ በምቆጣጠረው የእንግዶች አፕ ላይ እንደተመዘገበ ሰምተዋል።

«ስልኩን ስጭኝ» አሉኝ። ከሄደ ጀምሮ ድምፁን አልሰሙም። እኔም አልሰማሁም፤ ሽማግሌ እልካለሁ እንዳለኝ በወጣበት ቀረ።

«ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለማንም አልሰጥም፣ እማማ።»

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ?»

ግን ይህ ደንብ ይውጣ ብዬ የበዓሉን ኮሚቴ የሞገትኩት እኔው ነኝ። አምና የልጃገረዶቹ ቁጥር ተበትኖ ስንቱ ባለጌ ሲደውልባቸው ከረመ! ስለዚህ በአፑ በኩል «እናትህ ስልክህን ይፈልጋሉ፤ ልስጣቸው?» ብዬ ላክሁለት። እሱ ጋ የሚታየው «አስተባባሪ» የሚል ብቻ ነው፤ የእኔ ስም አይወጣም።

ወዲያው መለሰ። «ለእናቴ ስጡልኝ።»

ቁጥሩን በገዛ እጄ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

እኔ ግን አሁንም ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ቁጥሩ ፊቴ ነው። ብደውል ማን ያውቅብኛል? የፈቀደው ግን ለእናቱ ነው። ለእኔ አልፈቀደም፤ እኔስ መች ጠየቅኩት።