የእማማ የቅዳሜ ምስጢር

ጥቅምት 3
መነፅር ቤታችን ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። አንድ ጎረምሳ ፊቱን የሚውጥ ጥቁር መነፅር አድርጎ "እንዴት ነው?" አለኝ። "ያምርብሃል" አልኩት። ዋሸሁ። እማማ ብትኖር...
አያቴ እማማ ድሮ እዚህ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር የምትውለው። "ልጄ፣ ይሄን አድርገህስ ሚስት አታገኝም!" ደንበኛው በሳቅ ሞቶ ሌላ መርጦ ይገዛል። አለቃዬ ከእኔ ይልቅ እሷን ይወድ ነበር። እውነቱን ነው።
ዘጠና አራት ዓመቷ ነበር። ካረፈች ወር አለፋት። "ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተችው" ይሉናል። ማን ጠገበ? እሷ እንደሆነች ገና ጨምሩልኝ ባይ ነበረች።

ጥቅምት 5
እናቴ ዛሬም ሥራ አልገባችም፤ ከእማማ ክፍል አልወጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠፈውን ሹራብ ፈትታ መልሳ ታጥፋለች።
"እማ፣ ትንሽ ወጣ እንበል?"
"እሷን ቆልፌባት እኔ ልንሸራሸር?"
ይሄው ነው ነገሩ። እማማ ደረጃ ላይ ከወደቀች ወዲህ እናቴ ከቤት እንዳትወጣ ከልክላት ነበር። አራት ዓመት! ደረጃ አትውረጂ፣ በረንዳ ላይ አትቁሚ፣ ይበርድሻል...
"ያቺን የመሰለች ሴት እንደ እስረኛ አኑሬ ሸኘኋት" አለች።

ጥቅምት 6
ምን ልበላት? ምሳ ይዤላት ገባሁ፤ ሳትነካው መለሰችልኝ።

ጥቅምት 10
ጉድ ነው የሰማሁት!
ከሥራ ስመለስ ጋሽ መርፌ ደረጃው ሥር ጠበቀኝ። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ከእማማ ጋር እንደ እሳትና ጭድ ነበሩ። እሷ ከመስኮት፣ እሱ ከሱቁ ይሰዳደባሉ። "መርፌህን ሳል እንጂ ምላስህን አትሳል!" ሰፈሩ ሁሉ የለመደው ነው። ታዲያ ዛሬ ምን አንገት አስደፋው?
"እናትሽን ፈርቼ ነው እንጂ... ቀድሜ መናገር ነበረብኝ" አለና ስልኩን ዘረጋልኝ።
እማማ። ሞተር ላይ! ሄልሜቷ ወደ ጎን ዘሞ፣ አፏን ከፍታ እየሳቀች።
"ቅዳሜ ቅዳሜ ነው በሞተሬ የማዞራቸው። እናትሽ ሥራ ስትገባ።"
"ደረጃውስ?"
"እኔና ባለቤቴ በወንበር ተሸክመናቸው።"
"ያ ሁሉ ጭቅጭቅስ?"
"መጀመሪያ የምር ነበር። በኋላ ለሽፋን ሆነ። 'ሰው እንዳይጠረጥር ስደበኝ' ይሉኝ ነበር።"
"እንዴት እምቢ አላልክም፣ ጋሼ?"
"እሳቸውን እምቢ ያለ ሰው ታውቂያለሽ?"
አላውቅም።

ጥቅምት 11
ለእናቴ ነገርኳት። ልናገር አልናገር ስል አደርኩ። ሳልጨርስላት በነጠላ ጫማ ወደ ታች በረረች። እኔ ከኋላዋ።
"ዘጠና ዓመት ያለፋትን ሴት በሞተር?! ብትወድቅስ? ጤና አለህ?"
ጋሽ መርፌ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሞ ሰማት። ልክ ነሽ አለ። እስክትጨርስ ጠበቃትና፣
"አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር፤ ለምን ለልጅዎ አይነግሯትም ብዬ።"
"ምን አለች?"
"'ስለምትወደኝ ትቆልፍብኛለች፤ ስለምወዳት እደብቃታለሁ። ተመጣጥነናል' አሉኝ።"
እናቴ የደንበኛ ወንበር ስባ ተቀመጠች።
"መንገድ ላይ... ምን ትል ነበር?"
"'ፍጠን' ብቻ።"
መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው! ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
እናቴ ሞተር ላይ ወጣች።
ራሷ ናት የጠየቀችው። አሳንሰር የምትፈራ ሴት! የጋሽ መርፌ ሚስት ሄልሜቱን አሰረችላት፤ እኔ መሳቄን ለመደበቅ ፊቴን አዞርኩ። ከመታጠፊያው ወዲያ ድረስ ድምጿ ይሰማ ነበር፦ "ቀስ በል! ቀስ በል አልኩህ እኮ!"
ቆዩ። በጣም ቆዩ።
ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ ነው። ደረጃውን ደግፌ አወጣኋት።
"እንዴት ነበር?"
"ነፍሴ ልትወጣ!" ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ቆም አለች።
"ለምን እንደደበቀችኝ አሁን ገባኝ።"
"ለምን?"
"እኔም ብሆን አልናገርም ነበር!"
ጫማዋን አሽቀንጥራ ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። "ራበኝ" አለች። "ምን አለ?"