እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ስፒከር

ሰኞ
ዛሬም ዝም አለ! ጠዋት የተቀዳ መጽሐፍ ጥርት አድርጎ ሲያነብ የነበረው ስፒከር ዝናቡ ሲጀምር ድምፁ ሰለለና ጠፋ። ሽቦ አልተበጠሰም። ትራንስፎርመሩም ደህና ነው። ነገሩ እኮ ቀላል ነው፦ መሃሉ የጽሕፈት እርሳስ ጥቁር ዱቄት ያሸሁበት ስስ ፕላስቲክ፣ ግራና ቀኙ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውጪ የሽቦ ወንፊት። ፕላስቲኩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞላል፤ ወንፊቶቹ ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ይርገበገባል፣ ያወራል። ማግኔት የለው፣ ሳጥን የለው። ታዲያ ከዝናብ ጋር ምን አገናኘው?

ማክሰኞ
ጨርቁ ነው! የነገሩኝ ጨርቁን የሠሩልኝ ሸማኔው ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ናቸው። በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና፣ "ጥጥ አይደል? ይሄን ሁሉ ጭጋግ ይጠጣል" አሉኝ። እርጥበቱ ኤሌክትሪኩን ያፈሰዋል ማለት ነው። እኔ ሦስት ሳምንት ሽቦ ስፈታ ስገጥም! እርጥበት በማይጠጣ ፖሊስተር ክር ይሠሩልኝ እንደሆነ ስጠይቃቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። "እሱም ክር ተባለ? በይ እሺ፣ ላንቺ ስል።"

ረቡዕ
ሰናይት ደወለች። የዓይነ ስውራን ንባብ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ራሷም አታይም። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የተለያየ መጽሐፍ ያዳምጣል፣ የጆሮ ማዳመጫው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። የኔ ስፒከር ድምፁን የሚልከው ፊት ለፊቱ ላለ ሰው ብቻ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። "ዓርብ አምጪውና እንስማው" አለች። ዘለልኩ። ሳህን ሳጥብ ግን ድንገት ገባኝ፦ ሰዎቹ የሚያዩት በእጃቸው ነው። ይነኩታል፣ ኤሌክትሪክ ይይዛቸዋል! ራት አልበላሁም።

ሐሙስ
- ጋሽ ወልዴ ጨረሱ። ጨርቁ ሳሳ ያለ፣ ክፍተቱ እኩል።
- ዝናብ ጣለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበበ፣ አላቋረጠም!
- ውጪውን በሙሉ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፈንኩ፣ ጠርዙን በእጥፍ። ድምፁ ትንሽ ቀነሰ። ይቀንስ።
በኤሌክትሪክ መለኪያ ለካሁት፤ ምንም አያሳልፍም። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ለጠፍኩበት። የሚያወራ ሰው ጉሮሮ የነካሁ መሰለኝ።

ዓርብ
ጠቅልዬ ከዊንጌት ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ "ምንጣፉን ወደ ኋላ አድርጊው" አለኝ። አላረምኩትም።
ንባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስከፍተው ሰናይት ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።
"ድምፁ በየት በኩል ነው የሚወጣው?"
"ከፊቱ በሙሉ።"
ወደ ጎን ተራመደች። "እዚህ የለም።" ተመለሰች። "እዚህ አለ።" እየተመላለሰች ሳቀች። ከዚያ ቆም ብላ ጆሮዋን ሰጠችው። "ይሄን አንባቢ አውቀዋለሁ፣ ወፍራም ድምፅ ነበረው። ምን አድርገሽ አቀጠንሽው?"
እውነቷን ነው። ወፍራም ድምፅ ሰፋ ያለ ስፒከር ይፈልጋል፤ አልደበቅኋትም።
"በይ እስከ ሰኞ ተዪልን" አለች።

ቅዳሜ
ልደውልላት ስልኬን አንሥቼ አስቀመጥኩት። እንደገና አነሣሁ። ከሰዓት በኋላ እሷው የድምፅ መልእክት ላከች። መጀመሪያ ባዶ መሰለኝ፤ ከርቀት አንባቢው ብቻ ይሰማል፣ ሌላ ማንም አይናገርም። ቆይታ በሹክሹክታ፣ "እንዳትደውዪ፣ ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ደርሰናል" አለች።
ስለ ወፍራሙ ድምፅ ምንም አላለችም።